ስኪው አልታዘዝ ሲል፦ ጥፋቱ የማሰሪያው ቦታ ነው ወይስ ሌላ?

ስኪ፣ ማለትም በረዶ ላይ ለመንሸራተት እግር ላይ የሚታሰረው ረጅም ሳንቃ፣ አልታዘዝ ሲል ሰው መጀመሪያ ራሱን ይጠረጥራል። ቀጥሎ ስኪውን። ማሰሪያው፣ ማለትም ጫማውን ስኪው ላይ የሚይዘው ባይንዲንግ፣ የት ጋ እንደተመታ (እንደተገጠመ) ለማየት ጎንበስ የሚል ጥቂት ነው። ግን 1 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ መሄዱ እግር ላይ ይታወቃል። 2 ከሆነማ ሌላ ስኪ የያዛችሁ ይመስላችኋል።

ማሰሪያው ባልሠራው ጥፋት የሚነቀልበት ጊዜም አለ። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ የተበሳ ስኪ ተመልሶ ያልተበሳ አይሆንምና። ስለዚህ ድሪል ከመነሳቱ በፊት ሜትር ይነሳ።

አሁን ያለበትን ለኩ

የስኪ ጫማችሁ ጎን ላይ፣ ከሶሉ አጠገብ፣ ትንሽ መስመር አለች። የሶሉን መሃል ታሳያለች። ስኪው ላይ ደግሞ ፋብሪካው ያተመው መስመር አለ፤ አንዳንዱ ላይ ሁለት ሦስት ይሆናሉ። ጫማውን ማሰሪያው ውስጥ አስገቡና ሁለቱ መስመሮች ይገጣጠሙ እንደሆነ እዩ። ጫማው ላይ መስመሯ ካልታየች ተረከዙ አካባቢ በሚሊ ሜትር የተጻፈውን የሶል ርዝመት ፈልጉ፤ ለምሳሌ 305። ለሁለት ክፈሉት፤ ከተረከዙ ጫፍ ያን ያህል ርቆ ያለው ቦታ የሶሉ መሃል ነው።

ቀጥሎ ስኪውን ከጅራት እስከ አፍንጫ ለኩ። ሜትሩ ቀጥ ይበል፣ የስኪውን ኩርባ አይከተል። ስኪው ላይ የተጻፈው ርዝመት ሲለካ ከሚወጣው ሊለይ ይችላል፤ እናንተ በለካችሁት ሂዱ። 178 ሳንቲ ሜትር ከወጣ እውነተኛው መሃል 89 ላይ ነው። የጫማው መስመር ከጅራቱ 81 ላይ ካረፈ፣ ማሰሪያችሁ ከመሃል 8 ወደ ኋላ ነው። «−8» ተብሎ ይጻፋል።

ቁጥሩ እንደ ስኪው ዓይነት ይለያያል። በተደለደለ በረዶ ላይ ለመታጠፍ የተሠሩ ጠባብ ስኪዎች −10 አካባቢ መሆናቸው የተለመደ ነው። ሁለገብ ከሚባሉት ብዙዎቹ ከ−6 እስከ −10 ባለው ውስጥ ይገኛሉ። ለዝላይና ለሽክርክሪት የተሠሩት ወደ 0 ይጠጋሉ፤ የኋሊትም ስለሚነዱ ፊትና ኋላቸው ተቀራራቢ መሆን አለበት። ስለዚህ −2 ለዝላይ ስኪ ጤናማ ነው፣ ሁለገቡ ላይ ግን ያጠራጥራል። የጓደኛን ቁጥር ወስዶ የራስ ስኪ ላይ መምታት የማይሠራውም ለዚህ ነው።

«ጫማ ቀየርኩ፣ ስኪው ተቀየረብኝ»

ይህ በጣም የተለመደ ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ አይታወቅም። የድሮው ጫማ ሶል 325 ነበር እንበል፣ አዲሱ 305 ነው። ባለሙያው የፊቱን ክፍል ሳይነካ የተረከዙን ክፍል ብቻ ወደ ፊት ይገፋዋል። ጫማው ልክ ይገባል፣ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። ነገር ግን ሶሉ 20 ሚሊ ሜትር ሲያጥር የሶሉ መሃል 10 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ሄዷል። ማንም ሳይወስንበት ማሰሪያችሁ በ1 ሳንቲ ሜትር ተዛወረ ማለት ነው። ረዘም ያለ ጫማ ከሆነ ደግሞ ወደ ኋላ ይሄዳል።

መፍትሄው ቀላል የሚሆነው ማሰሪያው በሃዲድ ላይ የሚንሸራተት ከሆነ ነው። የፊቱም የተረከዙም ክፍል ይነሳና የጫማው መስመር ከስኪው መስመር ጋር እስኪገጥም ይስተካከላል። የኪራይ ስኪ ላይም የፊቱና የኋላው ቁጥር ለእናንተ ሶል መሆኑን ተመልከቱ።

«መታጠፍ አይጀምርም፣ ጭኔ ይቃጠላል»

ስኪው ፊት ለፊታችሁ እንደ ረጅም ሳንቃ ከተሰማችሁ ማሰሪያው ወደ ኋላ በዝቶ ሊሆን ይችላል። ግን ተመሳሳይ ስሜት ወደ ኋላ ተደግፎ ከመቆምም ይመጣል። ለመለየት የተደለደለ፣ ለጥ ያለ ቁልቁለት ምረጡ። ቅልጥማችሁን የጫማው ምላስ ላይ ጫን አድርጋችሁ ታጠፉ። ስኪው ወዲያው ከታዘዘ ማሰሪያውን ተዉት፤ አቋቋማችሁ ወይም ጫማችሁ ነው መታየት ያለበት። እንደዚያም ሆኖ ካልታዘዘ 1 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ሞክሩ። የጫማ ቁጥራቸው ትንሽ የሆነ ሰዎች ትንሽ ወደ ፊት ሲመጣ ብዙ ጊዜ ይመቻቸዋል፤ የእግራቸው ጣቶች ሥር ያለው ክፍል ለሶሉ መሃል ቀረብ ስለሚል ነው።

«ጥልቅ በረዶ ውስጥ አፍንጫው ይሰምጣል»

እዚህ ምልክቱ ግልጽ ነው። ማሰሪያው ወደ ፊት ሲበዛ ከፊታችሁ ያለው ስኪ ያጥራል፣ ክብደታችሁም ወደ አፍንጫው ይቀርባል። እናንተም ላለመስመጥ ወደ ኋላ ትደገፋላችሁ፣ እግር ቶሎ ይዝላል። ከፋብሪካው መስመር ፊት ከሆናችሁ ወደ መስመሩ ተመለሱ። መስመሩ ላይ ሆናችሁም ከሰመጠ ከ1 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ ወደ ኋላ ይበቃል። ጠባብና አጭር ስኪ ግን የትም ቢመታ ጥልቅ በረዶ ላይ አይንሳፈፍም።

«ጅራቱ አልላቀቅ ይላል»

የኩርባው መጨረሻ ላይ ጅራቱ በረዶውን ነክሶ ይቀራል። ማሰሪያው ወደ ፊት ሲሄድ ጅራቱ ስለሚረዝም ይህ ሊከሰት ይችላል። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ጠርዙን ነው። ጥፍራችሁን ጠርዙ ላይ ቀስ አድርጋችሁ አሂዱ፤ ሸካራ ወይም የታጠፈ ብረት ካለ እሱ ይይዛል። በጥሩ ሞረድ ይስተካከላል። ቀጥሎ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ የስኪው ሆድ (ታችኛው ገጽ) ላይ አጋድሙና ወደ ብርሃን እዩ። መሃል ላይ ብርሃን ካለፈ ሆዱ ገብቷል፣ ጠርዞቹ ከፍ ብለዋል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ስኪ ማሰሪያው የትም ቢሆን ያስቸግራል። ባለሙያ በማሽን ሊያስተካክለው ይችላል፣ ያለ አንድ ቀዳዳ።

«አንዱ እግር ደህና ነው፣ ሌላው አይደለም»

ሁለቱንም ስኪዎች ለኩ። ይህ በእኔ ደርሷል። ወደ ግራ መዞር እያቃተኝ ጥፋቱ የጉልበቴ ነው ብዬ ሳምንታት ተለማመድኩ። ሲለካ የቀኝ እግሬ ማሰሪያ ከግራው 8 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ተመትቶ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ስኪ ስረከብ ሜትር ሳልይዝ አልሄድም።

ማዛወር ካስፈለገ

ከተቻለ መጀመሪያ ሃዲድ ባለው የኪራይ ማሰሪያ ሞክሩ። መስመሩ ላይ፣ 1 ወደ ፊት፣ 1 ወደ ኋላ። በአንድ ቀን፣ በአንድ ቁልቁለት፣ በአንድ ጫማ። ሁለት ነገር አብራችሁ ከቀየራችሁ የትኛው እንደረዳችሁ አታውቁም።

በብሎን የታሰረ ከሆነ አዲሱ ቀዳዳ ከድሮው ቢያንስ 1 ሳንቲ ሜትር መራቁ ይመከራል፣ አለዚያ መሃሉ ያለው እንጨት ይደክማል። ስለዚህ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ማዛወር ብዙ ጊዜ አይቻልም። የመሰርሰሪያው ጫፍ ውስጡ ብረት ለሌለው ስኪ 3.5 ወይም 3.6 ሚሊ ሜትር፣ ብረት ላለው 4.1 ነው። ጥልቀቱ በተለምዶ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጫፉ ላይ ማቆሚያ ይኑር፤ ያለ ማቆሚያ ሆዱን በስቶ መውጣት የአንድ አፍታ ሥራ ነው። የስኪው ላይኛው ገጽ ላይ የተጻፈ መጠን ካለ እሱን ተከተሉ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ማሰሪያው በብሎንም በሃዲድም ከተዛወረ በኋላ የተረከዙ ክፍል ጫማውን ወደ ፊት የሚገፋበት ግፊትና የመለቀቂያው ቁጥር በባለሙያ ይታይ። ስትወድቁ ጫማውን በጊዜው የሚለቀው እሱ ነው። ካልለቀቀ የሚጎዳው ጉልበት ነው። የድሮዎቹ ቀዳዳዎች ደግሞ በመድፈኛና በኮላ ይዘጉ፤ ክፍት ከቀሩ ውሃ ገብቶ የውስጡን እንጨት ያበሰብሰዋል። ኮላው ሌሊቱን ሳያድር ስኪው በረዶ አይንካ።