ስፓኒሽን በጓቴማላ ለመማር ለሚነሳ ሰው

ስፓኒሽን ባለቤቶቹ አገር ሄዶ ለመማር ሲታሰብ ቀድማ የምትታወሰው ስፔን ብትሆንም፣ ቋንቋውን ከመሠረቱ ለሚጀምር ሰው ጓቴማላ የተሻለች ምርጫ ናት። በዚያ አገር የቋንቋ ትምህርት ቤቶች አንድ መምህር ለአንድ ተማሪ መመደብ የተለመደ አሠራር ስለሆነ፣ ተማሪው በየቀኑ አራት ወይም አምስት ሰዓት ሙሉ ሲያዳምጥ ብቻ ሳይሆን ሲናገር ይውላል። ክፍያውም ከአውሮፓ ጋር ሲነጻጸር በጣም አነስተኛ ነው፤ በአብዛኛው ከአንድ የአካባቢው ቤተሰብ ጋር መኖርንና ምግብን ይጨምራል። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ ብዙዎቹ የሥራ ባልደረቦቻቸውና ጎረቤቶቻቸው ከኤል ሳልቫዶርና ከጓቴማላ የመጡ ስለሆኑ፣ እዚያ የሚለመደው አነጋገር ሲመለሱ የሚጠብቃቸው አነጋገር ነው።

መጀመሪያ የሚወሰነው ከተማው ነው። አብዛኛው እንግዳ የሚሄደው ወደ አንቲጓ ነው። ከዋና ከተማው 40 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ይህች ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1773 የመሬት መንቀጥቀጥ እስካፈራረሳት ድረስ የአገሪቱ መዲና የነበረች፣ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበች፣ በእሳተ ገሞራ ተራሮች የተከበበች ውብ ስፍራ ናት። ሆኖም ውበቷ የሳበው ጎብኚ በመብዛቱ በየካፌው በእንግሊዝኛ የሚመልስ አስተናጋጅ አይጠፋም፤ ይህም ለጀማሪ ትልቅ ፈተና ነው። ስለዚህ አንቲጓን ለቅዳሜና እሑድ ትቶ ትምህርቱን በኬትሳልቴናንጎ መጀመር ይሻላል። ነዋሪዎቿ ሼላ የሚሏት ይህች የደጋ ከተማ 2,330 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ናት ማለት ይቻላል፤ ከአዲስ አበባ የሚሄድ ሰው በከፍታው ባይቸገርም፣ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ወፍራም ሹራብ ሊለየው አይገባም። ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ በአብዛኛው ከሰዓት በኋላ ስለሚጥል፣ ትምህርትን ጠዋት ማድረግ በሁሉም ወቅት ያመቻል።

የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ ኅብረት አገር ፓስፖርት የያዘ ሰው ያለ ቪዛ ለ90 ቀን መግባት ይችላል፤ ቀኖቹ ግን ጓቴማላን፣ ኤል ሳልቫዶርን፣ ሆንዱራስንና ኒካራጓን በአንድነት የሚመለከቱ ስለሆነ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ቁጥሩን እንደ አዲስ አያስጀምረውም። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው ትኬት ከመቁረጡ በፊት የጓቴማላን ቆንስላ መጠየቅ አለበት፤ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱንም ከፓስፖርቱ ጋር ይያዝ።

ከትምህርት ቤት ጋር ሲዋዋሉ የወሩን ክፍያ በአንድ ጊዜ አለመፈጸም ይመከራል። የመጀመሪያውን ሳምንት ብቻ ከፍሎ መምህሩን ማየት፣ ተማሪውን ከማናገር ይልቅ ራሱ ብዙ የሚያወራ ወይም በየደቂቃው ወደ እንግሊዝኛ የሚሸሽ ከሆነም በአክብሮት እንዲለወጥ መጠየቅ ነውር የለውም፤ ትምህርት ቤቶቹም ይህን ለምደውታል። ከወዳጅ ጋር የሚሄድ ሰው ደግሞ በተለያየ ቤት ማደር አለበት። ሁለት አማርኛ ተናጋሪዎች በአንድ ማዕድ ከተቀመጡ እራቱ በአማርኛ ያልቃል፤ ከመምህሩ ቀጥሎ ብዙ የሚያስተምረው ግን ያ እራት ነው።

ስለ ቤተሰቡ ጥቂት መዘርዘር ያስፈልጋል። የዘወትር ምግባቸው የበቆሎ ቂጣና ጥቁር ቦሎቄ ስለሆነ ለጾመኛ እምብዛም አያስቸግርም፤ ነገር ግን አንዳንድ ቤት ቦሎቄውን በአሳማ ስብ ስለሚጠብሱት፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የማይበላውን በመጀመሪያው ቀን መናገር አለበት። «ሲን ካርኔ፣ ሲን ሌቼ፣ ሲን ማንቴካ» ማለት፣ ማለትም ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተት፣ ያለ ስብ፣ ለጅምሩ ይበቃል። የቤቱን እመቤት «ዶኛ» ብሎ ከስሟ ጋር መጥራት፣ በንግግርም «ኡስቴድ» የሚለውን የአክብሮት አጠራር መያዝ ተገቢ ነው። ጓቴማላውያን በጓደኛሞች መካከል «ቮስ» (አንተ፣ አንቺ) ቢባባሉም፣ «ኡስቴድ»ን ከሌሎች ብዙ አገሮች ይልቅ አዘውትረው ይጠቀሙበታል፤ ታላቁን «እርስዎ» እያለ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም።

አማርኛ ተናጋሪው ይዞት የሚሄደው ሌላም ሀብት አለ። ትምህርቱ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ስለሚታገዝ ሰዋስዉን በእንግሊዝኛ በኩል ለመረዳት ይሞክራል፤ ይህ መንገዱን ያረዝምበታል። በስፓኒሽ እንደ አማርኛው ሁሉ ግሱ ራሱ ባለቤቱን ስለሚናገር ተውላጠ ስሙን መደጋገም አያስፈልግም፤ ጀማሪን የሚያስጨንቁት ሁለቱ የኃላፊ ጊዜ ዓይነቶችም በአብዛኛው «በላሁ» እና «እበላ ነበር» ካሉት ጋር ይገጥማሉ። ስለዚህ በደብተር ላይ ትርጉም ሲጻፍ በአማርኛ ይጻፍ። አጥብቆ መለማመድ የሚያስፈልገው የስሞች ጾታ ነው፤ ግዑዙ ነገር ሁሉ ተባዕታይ ወይም አንስታይ ተብሎ ስለተመደበ፣ እያንዳንዱን ስም ከነመስተአምሩ፣ ማለትም ከፊቱ ከሚገባው «ኤል» ወይም «ላ» ጋር፣ መያዝ ግድ ይላል።

ጉዞው ትምህርቱን የሚያግዘው ሥራ ሲሰጠው ነው። ከሰዓት በኋላ ወደ ገበያ የሚሄድ ተማሪ ጠዋት ከመምህሩ ጋር የዋጋና የመጠን አጠያየቅ ይለማመድ፤ በማግስቱም ሻጯ የመለሰችለትንና ያልገባውን ቃል እንደሰማው ጽፎ ያምጣ። አርብ አርብ በሳን ፍራንሲስኮ ኤል አልቶ የሚቆመው ሰፊ ገበያ ለዚህ የተመቸ ነው። ሰኞ ጠዋት ደግሞ የሳምንቱን መጨረሻ ጉዞ ለመምህሩ መተረክ ከማንኛውም የመጽሐፍ መልመጃ የበለጠ የኃላፊ ጊዜን ያስተምራል፤ የት ወረድን፣ ዝናቡ መቼ ያዘን፣ ሰዎቹ ምን ያደርጉ ነበር የሚሉት ጥያቄዎች ሁለቱንም የጊዜ ዓይነቶች ይጠራሉና። በዙኒል አቅራቢያ ያለው ፉዌንቴስ ሄኦርሂናስ የተባለው ፍል ውሃ፣ ሐሙስና እሑድ የሚውለው የቺቺካስቴናንጎ ገበያ፣ እ.ኤ.አ. በ1902 የፈነዳው የሳንታ ማሪያ እሳተ ገሞራ ተራራ ሁሉም የሚተረክ ነገር ይሰጣሉ።

ለመጓጓዣ ከአሜሪካ የመጡ አሮጌ የተማሪ አውቶቡሶችን ቀለም ቀብተው የሚያሠሯቸው «ካሚዮኔታ» የሚባሉት አሉ። ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ መድረሻውን እየጮኸ ሲጠራ፣ በአዲስ አበባ ታክሲ የተመላለሰ ሰው አሠራሩን ወዲያው ይለየዋል። ዋጋ ከረዳቱ ሳይሆን አብሮ ከተቀመጠው ተሳፋሪ መጠየቅ ይሻላል፤ ከጨለማ በኋላ ግን በእነዚህ አውቶቡሶች መጓዝ አይመከርም።

በገበያ የሚሰማው ሁሉ ስፓኒሽ አይደለም። በጓቴማላ የአገሩ ነባር ሕዝቦች የሆኑት ማያዎች ከ20 በላይ ቋንቋዎች ይናገራሉ፤ በሼላ ዙሪያ በብዛት የሚነገረው ቂቼ ነው። እንደ አማርኛው «ቀ» እና «ጨ» ያሉ ፈንጂ ድምፆች ስላሉት፣ ሰላምታውን እንኳ መማር የሚፈልግ አማርኛ ተናጋሪ ከሌላው እንግዳ ይልቅ አጥርቶ ይጠራዋል። ለብዙዎቹ ሻጮች ስፓኒሽ ሁለተኛ ቋንቋ መሆኑን ማስታወስም የአክብሮት ጉዳይ ነው።

ቢያንስ ለአራት ሳምንት ከሼላ አለመንቀሳቀስ እጅግ አስፈላጊ ነው። በየሳምንቱ ከተማ የሚቀይር ተማሪ በየቦታው ስሙንና አገሩን ብቻ ደጋግሞ ሲናገር ይከርማል፤ የሚጠልቀው ጭውውት የሚጀመረው ግን ቤተሰቡና መምህሩ ትናንት የተባለውን ሲያስታውሱ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ አቲትላን ሐይቅ ወርዶ በሳን ፔድሮ ላ ላጉና ትምህርቱን መቀጠል ይቻላል። በሐይቁ ዳር ያለው ሰፈር በጎብኚ የተሞላ ስለሆነ፣ ማደሪያን ሽቅብ ወጣ ብሎ ቤተሰቦች በሚኖሩበት ክፍል መያዝ፣ ከመንደር ወደ መንደር በጀልባ ሲሻገሩም ከነዋሪዎቹ ጎን መቀመጥ ይበጃል። ወደ ቲካል ጥንታዊ ከተማ የሚደረገው ረጅም ጉዞ ለመጨረሻ ይቆይ፤ የዚያን ጊዜ አስጎብኚውን በስፓኒሽ መከተል የሚቻልበት ደረጃ ላይ ይደረሳል።

ለሥራ ማስረጃ የሚፈልግ ሰው የስፔን መንግሥት የቋንቋ ተቋም በሆነው በሰርቫንቴስ ተቋም የሚሰጠውን ዴሌ የተባለ የስፓኒሽ ችሎታ ፈተና አስቀድሞ ማሰብ አለበት፤ ፈተናው በተወሰኑ ቀኖች ብቻ ስለሚሰጥ ምዝገባው ከጉዞው ፕሮግራም ጋር መገጣጠም ይኖርበታል። ብዙ የጓቴማላ መምህራን በኢንተርኔትም ስለሚያስተምሩ፣ ከመመለስ በፊት ከመምህሩ ጋር ቀንና ሰዓት ቆርጦ በሳምንት አንድ ጊዜ መቀጠልን መስማማት ይገባል።