አቶሚክ ቼዝ፦ ንጉሡ ለምን በሦስተኛው እርምጃ ፈነዳ?

መደበኛ ቼዝ ደህና አድርጎ የሚጫወት ሰው አቶሚክ ወደሚባለው የቼዝ ዓይነት ሲገባ በጀማሪ ሳይቀር ይሸነፋል። ደንቡ ከብዶ አይደለም። ጠጠር በተበላ ቁጥር ቦታው ይፈነዳል። የተበላውም የበላውም ይጠፋሉ፤ በዙሪያው ባሉት ስምንት ቤቶች የቆሙትም አብረው ይሄዳሉ። ወታደሮች ግን ከዳር ሆነው ይተርፋሉ፤ የሚጠፉት ራሳቸው ሲበሉ ወይም ሲበሏቸው ብቻ ነው። የባላጋራውን ንጉሥ ያፈነዳ አሸነፈ። ቼክሜትም እንደ ወትሮው ይሠራል። ጨዋታው በ1995 እ.ኤ.አ. በአንድ የጀርመን የኢንተርኔት ቼዝ ሰርቨር ላይ ገባ፤ ዛሬ ሊቼስ በሚባለው የቼዝ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛል። ከታች ያለው በሊቼስ ደንብ ነው።

"ገና ሳልጀምር አለቀ"

ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ፈረስ ነው። ነጭ ፈረሱን ኤፍ3 ያወጣል፣ ቀጥሎ ጂ5፣ ከዚያ ኤፍ7 ላይ ያለውን ወታደር ይበላል። ኤፍ7 ከኢ8 ጋር ይዋሰናል፤ ንጉሡ አለቀ። ፈረሱ በኢ5 በኩል ከመጣ ደግሞ ዲ7ንም ኤፍ7ንም በአንዴ ያያል።

ምክንያቱ ከመደበኛ ቼዝ ያመጣነው ልማድ ነው። "ኤፍ7ን ንጉሡ ይጠብቀዋል" ብለን እንተወዋለን። እዚህ ጥበቃ የሚባል ነገር የለም፤ የበላው አብሮ ስለሚጠፋ መልሶ የሚበላው ነገር አይቀርም። ስለዚህ የጠባቂ ቁጥር መቁጠር ትታችሁ ጎረቤት ቁጠሩ። ከንጉሡ ጋር የሚዋሰን ቤት ላይ ያለ የራሳችሁ ጠጠር ሁሉ፣ ንግሥቲቱም ጭምር፣ ፈንጂ ነው።

ጥቁር ከሆናችሁና ፈረሱ ኤፍ3 ከወጣ፣ የኤፍ ወታደራችሁን ወደ ኤፍ6 ግፉ። ኢ5ንም ጂ5ንም ይዘጋል፤ ፈረሱ ከገባ ወታደሩ ይበላዋል። ግን ኤፍ7 ባዶ ቀረ፤ ይሄኛው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው።

"ንግሥቲቱ አጠገቤ ቆማ መብላት አልቻልኩም"

ሳይቱ አልተበላሸም። ንጉሥ ምንም መብላት አይችልም፤ ቢበላ ራሱ ይፈነዳል። ሌላ ጠጠርም ቢሆን ከንጉሣችሁ ጎን ያለ ነገር መብላት አይፈቀድለትም፣ ፍንዳታው ንጉሡን ያገኘዋላ። ስለዚህ የባላጋራ ንግሥት ማንም ሳይደግፋት አጠገባችሁ መጥታ ብትቆም የሚነካት የለም።

ነጭ ሆናችሁ የኤፍ ወታደራችሁ ከቦታው ተነስቷል እንበል። ንጉሡ ኢ1 ላይ ነው፤ ንግሥቲቱ ዲ1፣ ቢሾፑ ኤፍ1፣ ወታደሮቹ ዲ2 እና ኢ2 ላይ ናቸው። የጥቁር ንግሥት ከቢ6 በሰያፍ ወርዳ ኤፍ2 ላይ ቁጭ አለች። ንጉሡ የሚሄድበት ቤት የለም፣ እሷንም መብላት አይቻልም። ቼክሜት ነው። መደበኛ ቼዝ ላይ እኮ ንግሥቷን በነጻ የጣለ ሰው ነበር!

መፍትሄው አስቀድሞ ነው። ከንጉሡ ጎን ያለ ባዶ ቤት ካለ፣ ንግሥቲቱ በየትኛው መስመር ልትደርስበት እንደምትችል እዩና መስመሩን ዝጉ፤ ወይም ንጉሡ የሚሸሽበት ቤት ክፈቱ። ከደረሰች በኋላ አንድ ቀዳዳ ሊኖር ይችላል፦ ከእሷ ጋር የሚዋሰን፣ ከንጉሣችሁ ጋር ግን የማይዋሰን ቤት ላይ የምትበሉት ነገር ካለ ፍንዳታው ይጠርጋታል።

"ቼክ አልኩት፣ ሳይመልስ አሸነፈኝ"

ማፈንዳት ቼክን ይቀድማል። እናንተ ከሩቅ ቼክ ትላላችሁ፤ እሱ ጭራሽ ዞር ብሎ አያይም፣ በቢሾፑ ንጉሣችሁ ጎን ያለውን ወታደር ይበላል። ቼክ ከማለታችሁ በፊት ማየት ያለባችሁ አንድ ነገር ነው፦ የሚያፈነዳኝ ነገር አለው? ካለው ቼኩ ባዶ ጩኸት ነው።

"ወታደሬን አነገሥኩ፣ ንግሥቷ ግን ጠፋች"

እየበላ ስለገባ ነው። ሳይበላ በቀጥታ ይግባ።

"ንግሥት ይዤ አቻ ወጣሁ"

ይሄ የሚያበሳጨው ነው። ሁለቱ ንጉሦች እዚህ ጎን ለጎን መቆም ይችላሉ። ከተጣበቁ ደግሞ ቼክ አይሠራም፤ አንዱን ማፈንዳት ሌላውንም ማፈንዳት ስለሆነ። እናንተ ስትሸሹ እሱ ይከተላል፣ መልሶ ይለጠፋል።

ስለዚህ ሳይጠጋ ጨርሱት። ንግሥታችሁ እንደ አጥር ቆማ መንገዱን ትቁረጥበት፣ ወደ ጠርዝ ትግፋው። ጠርዝ ላይ ሥራው ቀላል ነው፦ ንጉሡ ኢ8 ላይ ብቻውን ካለ ንግሥቲቱ ኢ7 ላይ ስትቆም አለቀ፤ የራሳችሁ ንጉሥ እርዳታ አያስፈልግም፣ እንዲያውም ሩቅ ቢሆን ይሻላል።

ከተለጠፈስ? ከጀርባው የራሱ ጠጠር ካለው ተስፋ አለ። የእናንተ ንጉሥ ኢ4፣ የእሱ ዲ5፣ ወታደሩ ደግሞ ሲ6 ላይ ነው እንበል። ሲ6ን ብትበሉ ፍንዳታው ዲ5 ይደርሳል፣ ኢ4 አይደርስም። ብቻውን ከሆነ ግን ማላቀቁ ጭንቅ ነው። እየተሸነፋችሁ ያላችሁት እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ ይህንኑ ገልብጡት፦ መደበቁን ትታችሁ ንጉሣችሁን በቀጥታ ወደ ንጉሡ አሩጡት።