ቴኒስ ማሰልጠን ስንት ያስገኛል? ስሌቱ ላይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

"ኮች፣ ግን በወር ስንት ታገኛለህ?" ጅማ ውስጥ ራኬት ይዤ ባጃጅ ከገባሁ ይህቺ ጥያቄ አትቀርም። ማሰልጠን የሚያምራቸው ልጆችም ይጠይቁኛል። ቁጥር ከምነግራቸው ስህተቶቼን ብነግራቸው ይሻላል።

ትልቁ ስህተት የአንድ ሰዓት ዋጋን በወሩ ሰዓት ማባዛት ነው። ስጀምር ደብተር አውጥቼ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ለስሌት እንዲመች በሰዓት 300 ብር እንበል። በቀን 5 ሰዓት፣ በወር 26 ቀን፣ 39,000 ብር! ያን ማታ በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከዚያ ክረምት ገባ። የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጠዋት ፀሐይ ያሳይህና ከሰዓት ይዘረግፈዋል። የአፈር ሜዳ ደግሞ ዝናቡ ስላባራ ብቻ አይጫወቱበትም። የቋጠረውን ውሃ በመጥረጊያ ትገፋለህ፣ የቀረውን በስፖንጅ ትመጥጣለህ፣ ጭቃው ጫማህ ላይ እንደ ሊጥ ይለጠፋል። መሀል ላይ ስልክ ይጮኻል፦ "ኮች፣ ዛሬ እንኳን ይቅር አይደል?"

ከወሩ 130 ሰዓት ግማሹ እንዲህ ቢቀር 65 ሰዓት ይተርፋል፤ 19,500 ብር። ሜዳውን በሰዓት 100 ብር የምትከራይ ከሆነ 6,500 ይወጣል። ቀረ 13,000፣ የህልምህ ሲሶ። ኳስ ገና አልገዛንም።

ኳስ ካነሳን፣ አንዴ ገዝተው የሚገላገሉት ዕቃ አድርጎ ማሰብም ስህተት ነው። ጣሳው ሲከፈት "ጭስስ" የሚለው የታመቀው አየር ነው። ከዚያ በኋላ ኳሱ ቢመታም ባይመታም ቀስ በቀስ ይሞታል። የኛ ከተማ ከፍታም አለበት፤ 1,700 ሜትር ገደማ ነን። የዓለም አቀፉ ደንብ ከ1,219 ሜትር በላይ ለሚደረግ ጨዋታ ለከፍታ የሚሆኑ ኳሶችን ለይቶ ያስቀምጣል፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ተራው ኳስ ይበርራል። እኔ ለልምምድ ውስጡ ግፊት የሌለውን እመርጣለሁ። እጅ ላይ ይከብዳል፣ ግን ይቆያል።

ሌላው፣ አንድ ሜዳ ለአንድ ልጅ መስጠት። እዚህ ላይ ብዙ ብር ጥያለሁ። ሁለት ለሁለት የሚጫወቱበት የጥንድ ሜዳ ስፋቱ 10.97 ሜትር ነው። ለትንንሾቹ ከተራው 75 ፐርሰንት የሚዘገየውን ቀይ ኳስ ከሰጠሃቸው፣ ይኸው ስፋት ለነሱ ርዝመት ይሆናል። መሀል ላይ በሜዳው ቁመት ገመድ ትወጥራለህ፣ አንዱ ሜዳ አራት ትንንሽ ሜዳ ይወጣዋል። ስምንት ልጅ አንድ ላይ ይጫወታል። እያንዳንዱ ግማሽ ዋጋ፣ 150 ብር ቢከፍል በሰዓት 1,200 ነው። ወላጅም ቀለለው፣ ልጆቹም እርስ በርስ ሲጫወቱ ይበልጥ ይስቃሉ። ጩኸቱን መቻል ያንተ ፋንታ ነው።

የቴሌቪዥን አሰልጣኞችን አይቶ መጎምጀትስ? ትልልቆቹ ከሳምንታዊ ክፍያ በላይ ከተጫዋቹ ሽልማት ድርሻ አላቸው። ተጫዋቹ ካሸነፈ ነው ታዲያ። ደረጃው ዝቅ ያለ ተጫዋች አሰልጣኝ ይዞ ለመዞር አቅም የለውም። ለኛ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ሆቴል ወይም ትምህርት ቤት ከቀጠረህ ደግሞ የተነገረህን ደመወዝ እንዳለ አትቁጠር። ግብሩ እንደ ደመወዙ እስከ 35 ፐርሰንት ይደርሳል፣ ለጡረታ ካንተ 7 ፐርሰንት ይቆረጣል። "የተጣራው ስንት ነው?" ብለህ ጠይቅ። ቢያንስ ደመወዝ ዝናብ አያቋርጠውም።

የቀረው ይሉኝታ ነው፤ ከዝናቡም የባሰው እሱ ነው። አንድ የሰፈራችን አባት ሰኔ ላይ ልጃቸውን ይዘው መጡ። "የኔ ልጅ፣ አሁን እጅ አጥሮኛል፤ ቡናው ሲለቀም አንድ ላይ እሰጥሃለሁ" አሉኝ። ጅማ ውስጥ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የብዙ ሰው ኪስ የሚሞላው ከጥቅምት ወዲህ ነው። ደግሞስ እኚህን አባት በየትኛው አፌ ቅድሚያ ክፈሉ እላለሁ? እሺ አልኩ። አራት ወር አሰለጠንኩት፤ ፎርሃንዱ፣ በመዳፍ በኩል የሚመታው ምቱ፣ ቀና። ቡናው ተለቀመ፣ ደረቀ፣ ተሸጠ። ልጁም እግር ኳስ ጀመረ።