ቆዳችሁ ሲቆጣ ወጡን ከመክሰሳችሁ በፊት

እጄ ላይ ሽፍታ ሲወጣብኝ የመጀመሪያው ተከሳሽ እንቁላል ነበር። ቀጥሎ ወተት፣ ከዚያ ቲማቲም። ጎረቤቴ ደግሞ "በርበሬ ነው፣ ተይው" አለችኝና አልጫ ስበላ ከረምኩ። ሽፍታው ግን ንቅንቅ አላለም።

ምግብ ቆዳን አይነካም እያልኩ አይደለም። ይነካል። ችግሩ ያለው ጥፋተኛውን የምንፈልግበት መንገድ ላይ ነው። እኔ የሠራኋቸውንና ዙሪያዬ ያሉ ሰዎች ሲሠሯቸው ያየኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

ያሳከከን ሁሉ በምግብ ማሳበብ

መጀመሪያ የኔን ልጨርስ። አንድ ዓመት በዐቢይ ጾም እጄ ጥርት አለ። "በቃ፣ ወተት ነው" ብዬ ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ። ፋሲካ አለፈ። ወተትም እንቁላልም ሳልነካ ሽፍታው ተመልሶ መጣ። በመጨረሻ የሄድኩባት የቆዳ ሐኪም እጄን አገላብጣ አየችና ስለ ምግብ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። "ቤት ውስጥ ልብስ የሚያጥበው ማን ነው?" አለችኝ። ያኔ በራልኝ። በዚያ ጾም የባለቤቴ እህት ከገጠር መጥታ እኛ ጋር ነበረች። ልብሱንም ዕቃውንም "አንቺ ተቀመጪ" እያለች የምታጥበው እሷ ነበረች። ስትሄድ እኔ ወደ በረኪናዬና ወደ ዱቄት ሳሙናዬ ተመለስኩ። ወተቱ ምንም አላደረገኝም።

ሽፍታው የወጣበት ቦታ ብዙ ይናገራል። እጅ ላይ ብቻ ከሆነ እጅ የሚነካውን አስቡ። ጉትቻ ሥር ወይም የቀበቶ ዘለበት የሚያርፍበት እምብርት አካባቢ ከሆነ፣ ብረቱ ውስጥ ያለው ኒኬል ሊሆን ይችላል። ሌሊት ሌሊት የሚብስ፣ ጣት መሃል የሚወጣና ከቤተሰቡ አንዱን ሲለቅ ሌላውን የሚይዝ ከሆነ ደግሞ እከክ ነው ብሎ መጠርጠር ይቀላል። እሱ መድኃኒት አለው፤ የሚታከመውም ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ጊዜ ነው። ፊት ላይ ከሆነ መጀመሪያ የምትቀቡትን ክሬም እዩ። ሐኪም ሳያዝ የሚሸጡ ማቅያ ቅባቶች ስንቱን ፊት እንዳበላሹ የቆዳ ሐኪሞች ያውቁታል። ትንኝ የነከሰ የሚመስል፣ እየመጣ የሚጠፋ እብጠት ከስድስት ሳምንት በላይ ከተመላለሰባችሁም ምክንያቱ ምግብ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው።

ለየቅል የሆኑትን ሁሉ "አለርጂ" ማለት

ወተት ጠጥቶ ሆዱ የሚነፋና የሚያስቀምጠው ሰው "ለወተት አለርጂክ ነኝ" ይላል። ብዙውን ጊዜ አይደለም። የወተቱን ስኳር፣ ላክቶስን፣ የሚፈጭለት ኢንዛይም አንሶት ነው። ከዓለም አዋቂዎች ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው እንዲህ ነው። ሆድ ያስጮሃል እንጂ ቆዳ ላይ አይወጣም። እርጎ ከሆነ ብዙዎቹን አያስቸግራቸውም፤ ባክቴሪያው ከስኳሩ የተወሰነውን አስቀድሞ በልቶላቸዋል።

እውነተኛው አለርጂ የሰውነት መከላከያ ሥራ ነው። ጠላት ያልሆነውን ምግብ ጠላት አድርጎ ይይዘዋል። ብዙውን ጊዜ ከደቂቃዎች እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይታያል፦ ቆዳ ያብጣል፣ ከንፈር ይወፍራል፣ ያስታውካል። እዚህ ጋ "ትንሽ ልቅመስ" አያዋጣም።

ሦስተኛው ሴሊያክ የሚባለው በሽታ ነው። በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን የሰውነት መከላከያው የአንጀትን ግድግዳ እንዲጎዳ ያደርጋል። ሰውየው ይደክመዋል፤ የደም ማነሱ ብረት ቢውጥም አይስተካከልም፤ ልጅ ከሆነ ዕድገቱ ይቆማል። አንዳንዶቹ ላይ ክርን፣ ጉልበትና መቀመጫ ላይ ክፉኛ የሚያሳክኩ ውኃ የቋጠሩ ትንንሽ ሽፍታዎች ይወጣሉ። ይህንን በቅባት ብቻ ሲያክሙት ዓመታት የሚያልፉበት ሰው አለ።

ለመመርመር ከመሄድ በፊት ዳቦ ማቆም

ሴሊያክን የሚጠረጥር ሰው የሚሠራው የተለመደ ስህተት ይህ ነው። ዳቦውን ያቆማል፤ ሲሻለው "እስቲ ላረጋግጥ" ብሎ ደም ይሰጣል። ምርመራው የሚፈልገው ግን ሰውነት ለግሉተን የሰጠውን መልስ ነው። ግሉተኑ ከቀረ መልሱም ይጠፋል፣ ውጤቱም "ምንም የለብህም" ይላል። ቅደም ተከተሉ መመርመር፣ ከዚያ ማቆም ነው።

ለተረጋገጠበት ሰው ጤፍ ግሉተን የለውም። ግን የትኛው እንጀራ? ከሱቅ የተገዛው ገብስ ወይም ስንዴ ተቀላቅሎበት ሊሆን ይችላል። ማሽላና ሩዝ ቢቀላቀል ኪስ እንጂ አንጀት አይጎዳም። ጤፉን ራሳችሁ ገዝታችሁ ብታስፈጩስ? ወፍጮ ቤቱ ከናንተ በፊት የማንን ስንዴ እንደፈጨ ማን ያውቃል። ሽሮውም በርበሬውም እዚያው ነው የሚያልፈው። በሶና ቂንጬማ ግልጽ ናቸው።

ጾምን ምርመራ አድርጎ ፋሲካ ላይ ማበላሸት

ይህ የኛው የራሳችን ስህተት ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ሐኪሞች አንድን ምግብ ሲጠረጥሩ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት አስቁመው ያያሉ፤ ከዚያ ይመልሱታል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ሥጋ የለም። ከዚህ የተሻለ ሙከራ የት ይገኛል?

እንዴት እንደምንጨርሰው ግን ታውቃላችሁ። ሌሊቱን ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን ዶሮ ወጥ ከነእንቁላሉ፣ አይቡ፣ ቅቤው፣ ከላዩ ጠላው። በማግስቱ ፊታችን ቢፈነዳ ማንን እንይዛለን? ሁሉም አንድ ትሪ ላይ ነበሩ። የሚጠረጥር ሰው ምግቦቹን አንድ በአንድ ይመልስ። እንቁላል ዛሬ፣ ከሦስት አራት ቀን በኋላ ወተት። ችፌ ከበላችሁ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላም ሊቆጣ ስለሚችል ነው ቀን የሚሰጠው።

ሁለተኛው ወጥመድ ጾሙ ራሱ ነው። የወጣ እንዳለ ሁሉ የገባ አለ። ለውዝ፣ ሰሊጥ፣ የአኩሪ አተር ወተት፣ ዓሣ የምንበላው በጾም ነው፤ አራቱም አለርጂ በማስነሳት ከሚታወቁት ውስጥ ናቸው። በጾም የባሰበት ሰው "ሥጋ ስላጣሁ ነው" ከማለቱ በፊት የለውዝ ሻዩን ያስብ።

ደግሞም "ወተት አቁሜያለሁ" እያላችሁ በቅቤ ያበደ ክትፎ ከበላችሁ አላቆማችሁም። ቅቤ ቢነጠርም ጥቂት የወተት ፕሮቲን ይቀርበታል።

ብጉርን በለውዝና በቅባት ማመካኘት

አጭር ነው። ለውዝና አቮካዶ ብጉር ማምጣታቸው የሰፈር ወሬ ነው። ከብጉር ጋር በጥናት የተያያዙት የደም ስኳርን ቶሎ የሚያወጡት ጣፋጮችና ለስላሳ መጠጦች፣ በመጠኑም ወተት ናቸው። ጂም ጀምሮ ጀርባው በብጉር የተሞላ ወጣት ካወቃችሁ፣ ከወተት የሚሠራውን የፕሮቲን ዱቄት ይጠርጥር።

የመቶ ምግብ የደም ምርመራ

ከውጭ የመጣች ዘመዴ አንዴ ወረቀት ዘርግታ አሳየችኝ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ቀዩ ውስጥ ስንዴ፣ እንቁላል፣ ምስር፣ ነጭ ሽንኩርት። በየቀኑ የምትበላቸው ነገሮች ናቸው። ምስጢሩም እሱ ነው። እነዚህ በኢንተርኔት የሚሸጡ ምርመራዎች የሚለኩት አይጂጂ የሚባለውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። እሱ ደግሞ ምግቡን መብላታችሁን እንጂ እንደማይስማማችሁ አይናገርም። የአሜሪካ፣ የካናዳና የአውሮፓ የአለርጂ ሐኪሞች ማኅበራት ለዚህ ጉዳይ አትጠቀሙበት ብለዋል። ለአለርጂ የሚለካው አይጂኢ የሚባለው ሌላው ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ እሱም ቢሆን ከታማሚው ታሪክ ጋር ካልተነበበ ያሳስታል። ገንዘቡን ለደብተር አውሉት። የበላችሁትን፣ ሰዓቱን፣ ቆዳው የተቆጣበትን ቀን ጻፉበት።

የልጅን ሰሃን ማጉደል

ችፌ ያለበት ሕፃን ወተትና እንቁላል በእናቱ ውሳኔ ብቻ ሲከለከል ቆዳው ሳይሻለው ኪሎው ይቀንሳል። ይህ በሐኪም ክትትል የሚሠራ ነው። "የላም ወተት ካልተስማማው የፍየል ስጡት" የሚለውም ምክር አደገኛ ነው። የሁለቱ ፕሮቲን በጣም ስለሚመሳሰል ለላም አለርጂ የሆነ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ለፍየልም ነው።

ለውዝን "እስኪያድግ" ብሎ ማቆየትም ያለፈበት ነው። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ባምባ የሚሉትን የለውዝ ኩርኩሬ ሕፃናት ገና ጥርስ ሳያወጡ እንደሚሰጧቸው ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ ጥናት፣ የለንደን አይሁድ ልጆች የለውዝ አለርጂ ከእስራኤሎቹ አሥር እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ የተነሣ የተደረገው ትልቁ ሙከራ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2015 ወጣ። በመጀመሪያው ዓመታቸው ለውዝ የጀመሩ፣ ለአለርጂ የተጋለጡ ሕፃናት አለርጂው በ80 በመቶ ገደማ ቀነሰላቸው። የሚሰጠው ግን ልሞ በምግብ ተደባልቆ ነው፤ ፍሬው ያንቃል። ከባድ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለበት ሕፃን ደግሞ አስቀድሞ ሐኪም ይየው።

"ያልፋል" ብሎ መጠበቅ

ከበሉ በኋላ ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፣ ድምፅ ከጎረነነ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ሰውየው ራሱን ከሳተ፣ ይህ የቆዳ ጉዳይ መሆኑ አብቅቷል። የማሳከክ ክኒን አያድነውም፤ የሚያድነው የአድሬናሊን መርፌ ነው። ወተት አታጠጡት፣ ዳማከሴም አትጭመቁለት። አስተኝታችሁ እግሩን ከፍ አድርጉት፤ ትንፋሽ ካጠረው ይቀመጥ እንጂ እንዲራመድ አታድርጉት። ቅርብ ወዳለው ጤና ተቋም በመኪና ውሰዱት፤ የበላውን ነገር ስምም ይዛችሁ ሂዱ።