ሞዴሉን ከመውቀሳችሁ በፊት

እዚህ ድሬዳዋ የባክቴሪያ ሞዴል (ከተበላው ግሉኮስ ተነስቶ የእድገት ፍጥነቱን የሚያሰላ የኮምፒውተር ስሌት) የሚሠሩ ልጆች ስሌታቸውን ይዘው ሲመጡ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ግሉኮሱን ለየትኛው ክብደት አካፈላችሁት? ብዙዎቹ ዝም ይላሉ።

በቀደም አንዲት ተማሪ መጣች። ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያዋ በአንድ ግራም ደረቅ ክብደት (ውሃው ወጥቶ የሚመዘነው የባክቴሪያ ክብደት) በሰዓት 27 ሚሊሞል ግሉኮስ ይበላል ብላ አስልታለች። ቁጥሩን ስታስገባው ሞዴሉ "በ17 ደቂቃ ገደማ እጥፍ ይሆናል" አላት። የራሷ ልኬት ግን አንድ ሰዓት ይላል። "ሞዴሉ ተበላሽቷል" አለችኝ። ሞዴሉ ምን በወጣው!

ግሉኮሷ በ3 ሰዓት ከ10 ወደ 6 ሚሊሞል በሊትር ወርዷል። ደረቅ ክብደቱ ከ0.05 ወደ 0.37 ግራም በሊትር ወጥቷል። እሷ 4ቱን ሚሊሞል ለ3 ሰዓት፣ ከዚያ ለመነሻው 0.05 አካፈለች። ጓደኛዋ ደግሞ ለመጨረሻው 0.37 አካፍሎ 3.6 አገኘ። አቦ፣ በላተኛው እኮ በየደቂቃው እየበዛ ነው! ሠርግ ቤት ቀድመው የገቡትን ብቻ ቆጥሮ ያለቀውን እንጀራ ለእነሱ እንደ ማካፈል ነው። አንዱ እንግዳ ሃያ እንጀራ በላ ሊባል ነው።

መጀመሪያ የእድገት ፍጥነቱን አውጡ። 0.37 ለ0.05 ሲካፈል 7.4 ነው፤ የተፈጥሮ ሎጋሪዝሙ 2 ይሆናል፤ ለ3 ሰዓት ሲካፈል 0.67። ከዚያ የጠፋውን 4 ሚሊሞል ለተጨመረው 0.32 ግራም አካፍላችሁ በ0.67 አባዙት። በአንድ ግራም በሰዓት 8.3 ሚሊሞል ነው። ይህ ግን እድገቱ በቋሚ ፍጥነት በሚሄድበት ክፍል ብቻ ነው የሚሠራው። ባክቴሪያው ገና ሲላመድና ምግቡ ካለቀ በኋላ ያለውን አውጡት።

ኦዲ (ባክቴሪያው ፈሳሹን ምን ያህል እንዳደፈረሰው በብርሃን የሚለካ ቁጥር) ግራም አይደለም። ለኢ. ኮላይ ኦዲ 1 ማለት በሊትር ከ0.3 እስከ 0.4 ግራም ገደማ ነው፤ እንደ ማሽኑ ይለያያል። አጣርታችሁ፣ አድርቃችሁ፣ መዝናችሁ የራሳችሁን አውጡ። ከ0.4 በላይ ሲሆን አቅጥናችሁ ለኩ።

ቀጣዩን እኔው ሠርቼዋለሁ። ናሙና እንዳወጣሁ መብራት ጠፋ። ጀነሬተር እስኪነሳ ብልቃጦቹን ጠረጴዛ ላይ ትቼ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ስመለስ ግሉኮሱ የለም። በግንቦት የድሬ ጠረጴዛ ራሱ ኢንኩቤተር ነው፤ ባክቴሪያው ደግሞ እኔን አይጠብቅም። አሁን ናሙናው እንደወጣ አጣራለሁ፣ በረዶ ላይ አስቀምጣለሁ።

ሞዴሉ ፋይል ውስጥ ለግሉኮስ ፍጆታ ተጽፎ ያገኛችሁት 10 ደግሞ ማስጀመሪያ ነው፤ እናንተ የለካችሁት አይደለም። የሞኖድን የግማሽ ሙሌት ቋሚ (እድገቱ ከከፍተኛው ፍጥነቱ ግማሽ ላይ የሚሆንበትን የግሉኮስ መጠን) ከአንድ ብልቃጥ ኩርባ ለማውጣትም አትድከሙ። ግሉኮሱ እዚያ ደረጃ ሲደርስ ሁለት ልኬት ሳትወስዱ ያልቃል።

ተማሪዋ 8.3ን አስገብታ እንደገና አስሮጠችው። የእድገት ፍጥነቱ 0.7 ገደማ መጣ። ከለካችው 0.67 ትንሽ ከፍ ብሏል። ኢ. ኮላይ ግሉኮስ ሲተርፈው ኦክስጅን እያለም አሴቴት (የኮምጣጤው አሲድ) ይተፋል፤ ያ ክፍል ለእድገት አይውልም። ለክተሽዋል ወይ አልኳት። አልለካችም።