ጤነኛውን ሰው በሽተኛ የሚያስመስሉ የድምፅ አለካክ ስህተቶች

ሰሞኑን አንዲት ተማሪ የመመረቂያ ዳታዋን ይዛ መጣች፣ ፊቷ ጥሩ አይደለም። "መምህር፣ ከቀዳኋቸው ሴቶች ግማሾቹ ሺመራቸው (የድምፁ ጉልበት ከአንዱ ንዝረት ወደ ሌላው የሚዋዥቅበት መጠን) ከበሽታ ገደቡ፣ ከ3.81 ፐርሰንት፣ በላይ ሆነብኝ፣ ሁሉም ግን ጤነኞች ናቸው" አለችኝ። አንዱን ፋይል ከፍቼ ሰማሁት። ልጅቷ "ኣኣኣ" በዪ ስትባል ድምጿ ከከንፈሯ አያልፍም፣ አማቷ ፊት የተቀመጠች ነው የምትመስለው።

ስንት ጊዜ ልናገር! ሰው ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ የድምፅ አውታሮቹ ንዝረት ይዋዥቃል፣ ጂተሩም (የንዝረቱ ርዝማኔ መዋዠቅ) ሺመሩም ይጨምራል፣ ከፍ ሲያደርግ ደግሞ ይቀንሳል። ይሄ በሽታ ሳይሆን ይሉኝታ ነው። እኛ ጋ ማይክ ፊት ያስቀመጣችሁት ጨዋ ሰው ሁሉ ድምፁን ይውጣል፣ እና ወንዶቹን ጮክ ብለው ሴቶቹን ቀስ ብለው ቀድታችሁ "በፆታ ልዩነት አገኘን" ብትሉ የለካችሁት የድምፁን ጉልበት ነው እንጂ ፆታን አይደለም። ቀስ፣ እንደ ወትሮ፣ ጮክ እያስባላችሁ ሦስቱንም ቅዱ፣ የድምፅ መጠን መለኪያ ከአፋቸው 30 ሴንቲሜትር ላይ አድርጉና ዴሲቤሉን በየሰዉ ጻፉ። ከዛ በፊት ግን ትንሽ አጫውቷቸው፣ ሰው ሳይፍታታ አይቀዳም።

ደሞ ያ 3.81፣ የጂተሩም 1.04፣ ኤምዲቪፒ ከሚባል ሌላ ሶፍትዌር የመጡ ቁጥሮች ናቸው። እኛ የምንለካበት ሶፍትዌር፣ ፕራት፣ ሌላ ነው፣ አለካኩም ይለያል። የራሱ የፕራት ማኑዋል የጂተሩ ትክክለኛ ገደብ ከዚህ ዝቅ ሳይል አይቀርም ይላል፣ ግን ማን ያነባል።

በዋትሳፕ የተላከ ድምፅ አትለኩ። በቃ።

ፒች ሬንጁን (ፕራት የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት የሚፈልግበትን ክልል) ሳያስተካክሉ መለካት ደሞ የኔም ስህተት ነበር። ድሮ ሴቶች ስለካ ከ100 እስከ 500 ሄርዝ ያደረግኩትን ሳልቀይር አንድ ዲያቆን ቀዳሁ፣ ድምፁ 80 አካባቢ የሚያገሳ፣ ፕራት ግን 160 ብሎ ሰጠኝና እኔም አምኜ ጻፍኩት! ለወንድ ወለሉን ወደ 75 አውርዱት፣ ከሁሉ በላይ ፒቹን የምታሳየውን ሰማያዊ መስመር በዓይናችሁ እዩዋት፣ ድንገት እጥፍ ከዘለለች ወይ ግማሽ ላይ ከወደቀች ቁጥሩን አትመኑ።

የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉ፣ የ50 ሄርዙ እዝዝታ ቀረጻው ውስጥ ይገባል። ቆርቆሮ ጣሪያ ስር ከሆናችሁና ዝናብ ከጀመረ ሻይ ጠጡ። አምስት ሰከንድ አስብላችሁ የመሀሉን ሦስት ውሰዱ፣ የአጀማመሩና የአጨራረሱ ድምፅ የተረጋጋ አይደለም።

ከንባብ ለምትለኩ ደግሞ አማርኛችን ጠ፣ ቀ፣ ጨ አለው፣ እነሱ ላይ ጉሮሮ ይዘጋል፣ ተከትሎ የሚመጣው አናባቢ ሲጀምር በጤነኛ ሰው ላይም ሊሰነጣጠቅ ይችላል። ተማሪዋ ይሄንንም "ሻካራ ድምፅ" ብላ ቆጥራው ነበር። "ጠጠር" የሚለውን ቃል አምስት ጊዜ አስባልኳትና የራሷን ድምፅ ስክሪን ላይ አሳየኋት፣ "እንዴ፣ እኔም ታምሜያለሁ ማለት ነው?" ብላ ሳቀች፣ ማይኩን ይዛ እንደገና ልትቀዳ ሄደች።