የጓሮ ዶሮ ማስነጠስና ማንኮራፋት ሲጀምር ምን ይደረጋል? መድኃኒት ቤት ከመሮጣችሁ በፊት

ግቢያችን ውስጥ 14 ዶሮ ነበረኝ፣ ግማሹ ሳሶ የሚባለው የፈረንጅ ዝርያ ግማሹ ያበሻ። አዳማ የምትኖሩ ያንን ንፋስ ታውቁታላችሁ፣ ተራራው ላይ ተርባይን የተከሉት ለጌጥ አይደለም፣ አቧራውን ይዞ ሲመጣ የተሰጣ ልብስ ሁሉ ቡናማ ሆኖ ነው ሚያድረው። እና አዝኜላቸው ዶሮ ቤቱን ባራቱም በኩል በሸራ ጠቀለልኩት። በሳምንቱ ማስነጠስ ጀመሩ። አንቲባዮቲክ ገዛሁ፣ 5 ቀን ሰጠሁ፣ ምንም ለውጥ የለም። ጎረቤታችን እትዬ እንቁላል ሊገዙ መጥተው አንገታቸውን ወደ ዶሮ ቤቱ አስገቡና ወዲያው አወጡት፣ «አንተ ልጅ፣ እዚህ ውስጥ አንተ ራስህ ብታድር ታስነጥሳለህ እኮ» አሉኝ። ሸራውን ከላይ በኩል ገለጥኩት፣ የረጠበውን ሰጋቱራ አውጥቼ ደረቅ ቀየርኩ፣ ባራተኛው ቀን ቆመ። ለመድኃኒቱ ያወጣሁት ብር ግን ቀረ።

ከዛ በኋላ እውነተኛውም በሽታ መጥቶብኝ ስለነበር ሁለቱን እንዴት እንደምትለዩና ምን እንደምታደርጉ እንደሚመቸኝ ልጻፈው።

መጀመሪያ ምንም ሳትመረምሩ ያመማትን ለዩዋት። ካርቶንም ይሁን ሌላ ክፍል፣ ብቻ ራቅ ያለ ቦታ፣ እና ንፋሱ ከሷ ወደ ጤነኞቹ እንዳይነፍስ አቅጣጫውን እዩ፣ ይሄ አዳማ ላይ ቀልድ አይደለም። ውሃና መኖ ስትሰጡ ሁሌ ከጤነኞቹ ጀምሩና በሽተኛዋን መጨረሻ ላይ አድርጉ፣ ወደሷ ስትገቡ ብቻ የምታደርጉት አሮጌ ሲሊፐር በሩ ላይ አስቀምጡ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ዓይናችሁን እንዳትነኩ ደግሞ፣ ፈንግል የሚባለው ገዳይ የዶሮ በሽታ ቫይረስ ሰው ላይ ዓይን ያቀላል።

ማታ ላይ ደግሞ ሂዱና አዳምጡ። ቀን ላይ ይንጫጫሉ፣ ይጭራሉ፣ ምንም አይሰማም። ከመሸ ሁሉም ቆጥ ላይ ከወጡ በኋላ መብራት ሳታበሩ ቀስ ብላችሁ ገብታችሁ ለ5 ደቂቃ ዝም ብላችሁ ቁሙ። ጤነኛ ዶሮ ስትተኛ ትንፋሿ አይሰማም። ሲር ሲር፣ ግር ግር ወይም እንደ ሰው ማንኮራፋት ከሰማችሁ ከየትኛዋ እንደሆነ በሞባይል መብራት ለዩና እግሯ ላይ ክር እሰሩላት፣ ጠዋት ሁሉም አንድ ነው ሚመስሉት። እኔ ቀን ላይ አንድ ብቻ ነው የታመመችው ብዬ ማታ አራት ሆነው አገኘኋቸው።

እዛው እያላችሁ ቁጢጥ በሉና አየሩን በነሱ ቁመት አሽትቱ። ቆማችሁ የማይሸታችሁ ሽንት ሽንት የሚል ሽታ ታች ላይ ዓይን ያቃጥላል፣ አሞኒያ ነው፣ ከረጠበ ኩስ ይወጣል። እሱ የመተንፈሻቸውን ሽፋን ይጎዳውና በሽታ ባይኖርም ያስነጥሳቸዋል፣ ካለ ደግሞ በሩን ወለል አድርጎ ይከፍትለታል። መፍትሄው ዶሮ ቤቱን በታች በኩል ከንፋስ ከልሎ በላይ በኩል ከጣራው ስር ክፍት መተው፣ ውሃ መጠጫው ስር የሚረጥበውን ሰጋቱራ ቶሎ ቶሎ ማውጣት ነው። ሰጋቱራው ወይ ጭዱ ሻጋታ ካለው ጭራሽ አታስገቡት፣ በተለይ ጫጩት ካላችሁ። የሻጋታ ብናኝ ሳንባቸው ውስጥ ይበቅላል፣ አፋቸውን ከፍተው ያለ ድምፅ እየተነፈሱ ይሞታሉ፣ አንዴ ከያዛቸው ደግሞ ይሄ ነው የሚባል ሕክምና የለውም።

አየሩ ደህና ከሆነ እንግዲህ ዶሮዋን ያዙና እዩዋት። እዚህ ጋ ጊዜ ውሰዱ።

ዓይኗ ጥግ ላይ እንደ ሳሙና አረፋ ያለ ነገር ካለ፣ ካስነጠሳትና ማታ ካንኮራፋት፣ ግን እየበላች ከሆነና ነገሩ ቀስ ብሎ ከሳምንት ሳምንት የሚጎተት ከሆነ ብዙ ጊዜ ሐኪሞቹ ሲ አር ዲ የሚሉት ነው፣ ማይኮፕላዝማ በሚባል ተህዋስ ይመጣል። ፊቷ ባንድ ጎን ካበጠ፣ ዓይኗ ከተደፈነ፣ ንፍጡ ከገማ (ሽታው እጅ ላይ ይቀራል፣ አንዴ ካሸተታችሁት አትረሱትም) ኮራይዛ የሚባለው የባክቴሪያ በሽታ ነው ሊሆን የሚችለው። አፏን ስትከፍቱ ቢጫ ቅርፊት ነገር ላንቃዋ ላይ ከተለጠፈ የዶሮ ፈንጣጣ አፍ ውስጥ ገብቶ ይሆናል፣ ትንኝ ነው አንዱ አዛማጁ፣ ቅርፊቱን አትላጡት ይደማል።

ዋናው የሚፈራው ፈንግል ነው። ማስነጠስና አፍ ከፍቶ መተንፈስ ላይ አረንጓዴ ተቅማጥ ከተጨመረ፣ ክንፏን ጥላ ኩርምት ካለች፣ አንገቷ ከተጠማዘዘ ወይ እግሯ ከሰነፈ፣ ዛሬ አንድ ነገ ሦስት እያለ ከሄደ እሱን ጠርጥሩ። በኛ አገር ዝናብ መግቢያ ላይ ይብሳል። ቫይረስ ስለሆነ መድኃኒት የለውም፣ በቃ የለውም፣ ምንም ቢሏችሁ። ባንድ ሁለት ቀን ውስጥ ብዙ ከሞተባችሁ ቀበሌያችሁ ያለውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጥሩ፣ እሱ መጥቶ እስኪያይ ከግቢያችሁ ዶሮም እንቁላልም አይውጣ።

ሌላ የሚረሳ ነገር፣ ባለፈው ሳምንት የፈንግል ክትባት ሰጥታችሁ ከነበረ ለጥቂት ቀን ትንሽ ማስነጠስ ከክትባቱም ይመጣል። እየበሉ ከሆነ ጠብቁ።

አሁን ሕክምናው። ያመማት ዶሮ መጀመሪያ ሙቀት፣ ንጹህ ውሃና የምትወደውን መኖ ነው ምትፈልገው፣ ከእንስሳት መድኃኒት ቤት የሚሸጠው የቪታሚን ዱቄትም ጥሩ ነው። የተደፈነ ዓይን ለብ ባለ ውሃና በንጹህ ጨርቅ ጥረጉላት፣ ዶሮ ካላየች አትበላም፣ አንዳንዴ በሽታው ሳይሆን ረሃቡ ነው ሚገድላት። ግን እባካችሁ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ በውሃ በጥብጣችሁ በግድ አፏ ውስጥ አታንቆርቁሩ። አንድ ቀን አፏን ከፍታችሁ እዩ፣ ከምላሷ ኋላ ወዲያው አንዲት ስንጥቅ ስትከፈት ስትዘጋ ታያላችሁ፣ የትንፋሽ ቧንቧዋ እሱ ነው። ያንቆረቆራችሁት እዛ ከገባ ቀጥታ ሳንባ ነው። እኔ አንዷን የገደልኳት እንደዛ ነው፣ አረቄ ጠብ አድርግላት ተብዬ፣ እጄ ላይ ነው ያለቀችው።

አንቲባዮቲክ ለሲ አር ዲና ለኮራይዛ ይሠራል፣ ቫይረሱን አይነካም፣ ሐኪም ለቫይረስም ሊያዝ የሚችለው ላዩ ላይ የሚደረበውን ባክቴሪያ ለመያዝ ነው። ኦክሲቴትራሳይክሊን፣ ዶክሲሳይክሊን፣ ታይሎሲን የሚባሉት ናቸው የተለመዱት። የትኛው እንደሆነ ሐኪም ይወስን፣ የሰው ካፕሱል ፈታችሁ ባልዲ ውስጥ መበተኑን ተዉት፣ መጠኑን ማንም አያውቀውም። በውሃ ስትሰጡ ሌላ ውሃ አታስቀምጡ፣ በየቀኑ አዲስ በጥብጡ፣ ጥላ ላይ አድርጉት ምክንያቱም ኦክሲቴትራ ብርሃን ያበላሸዋል፣ በወተት አትበጥብጡት፣ ካልሲየም ይይዘዋል። ስለተሻላቸው በሦስተኛው ቀን አታቋርጡ። እንቁላሉን ደግሞ ፓኬቱ ላይ የተጻፈው የመከልከያ ቀን እስኪያልፍ አትብሉ አትሽጡ። ስንት ብር ነው የምጥለው እያላችሁ እንደሆነ ይገባኛል፣ እኔም ብያለሁ።

የሞተችውን ቱቦ ውስጥ ወይ ለውሻ አትጣሉ፣ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ኖራ ነስንሳችሁ ቅበሩ። ምክንያቱን ማወቅ ከፈለጋችሁ ከመቅበራችሁ በፊት አዲስ የሞተችውን በላስቲክ አስራችሁ በረዶ ነገር ላይ አድርጋችሁ በዛው ቀን ለእንስሳት ሐኪም አድርሱ፣ ከፍቶ ማየት ከብዙ ግምት ይሻላል። ሳይሞቱብኝ ልሽጣቸው ብሎ ገበያ የሚወስድ አለ፣ እኔ ጋ በሽታው የገባው በዛ መንገድ ነው፣ ለፋሲካ ከገበያ ሁለት ቄብ ገዝቼ በዛው ማታ ከሌሎቹ ጋር ቀላቀልኳቸው፣ በ10 ቀን ውስጥ 6 ዶሮ ሞተብኝ። አዲስ ዶሮ ቢያንስ 21 ቀን ለብቻ ይቀመጣል።

ቤቱን ስታጸዱ መጀመሪያ ኩሱን ጥረጉ፣ በሳሙና እጠቡ፣ ከዛ ነው በረኪና አንድ እጅ ለዘጠኝ እጅ ውሃ አድርጋችሁ ምትቀቡት። በረኪና ኩስ ላይ ከደፋችሁ ዶሮውን ሳይሆን እናንተን የሚያስል ጋዝ ነው የሚወጣው።

የፈንግል ክትባት የሚመረተው እዚሁ አፍንጫችን ስር ቢሾፍቱ ነው፣ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ እኛ ግን ዶሮ ካለቀ በኋላ ነው ምናስታውሰው። ለጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ኤች ቢ ዋን የሚባለው ክትባት በዓይን ጠብታ፣ 3 ሳምንት ገደማ ላይ ላሶታ የሚባለው በውሃ፣ ከዛ በየሦስት ወሩ መድገም ነው የተለመደው፣ ባለሙያውን ጠይቁና ቀኑን ሞባይላችሁ ላይ አላርም ሙሉበት። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሆነ ከጎረቤት ጋር አዋጡ። በበረዶ ይዛችሁ አምጡት። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ክትባቱን ይገድለዋል፣ ስለዚህ ለአንድ ሊትር 2.5 ግራም ቅባት የሌለው የዱቄት ወተት ቀድማችሁ በጥብጡበት፣ ዶሮዎቹን ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት አስጠሟቸው፣ እና ከተበጠበጠ በ2 ሰዓት ውስጥ ጠጥተው ይጨርሱት። የታመመ ዶሮ አይከተብም።

የዳኑትን በተመለከተ፣ ሲ አር ዲና ኮራይዛ የያዛት ዶሮ ብትድንም ተሸካሚ ሆና ልትቀር ትችላለች፣ ማይኮፕላዝማ በእንቁላልም ወደ ጫጩት ይተላለፋል፣ ስለዚህ ከሷ አታስፈልፍሉ። እኔ ጋ ከቀሩት አንዷ አሁንም ብርድ ሲሆን ማታ ማታ ታንኮራፋለች፣ እንቁላሏን ግን አታቋርጥም፣ እሷ እያለች አዲስ ዶሮ አላስገባም ብያለሁ፣ ይሄኛው ዙር እስኪያልቅ እነሱው ናቸው።